ድመት በሯን እንዴት ትማራለች?

በአገራችን ቤት ድመት የበር ጉዳይ እምብዛም አያስጨንቃትም። ቀን በሩ ክፍት ነው፤ ማታ ቢዘጋም ወይ ከግርጌው ወይ ከጣራው ሥር አንዲት ክፍተት አትጠፋም፤ ክፍተትም ከሌለ ድመቲቱ ደጅ ታድራለች እንጂ ከመኝታው ተነሥቶ የሚከፍትላት የለም። ስለዚህ ለድመት በር ማስተማር የሚባል ሥራ መኖሩን መጀመሪያ በሰማን ጊዜ፣ ፈረንጅ መቼም ሥራ አያጣም ብለን መሣቃችንን አንደብቅም። ኋላ ግን ነገሩ በራሳችን ላይ ደረሰና ሣቁ ወደ ኀፍረት ተለወጠ። ከኀፍረቱ በኋላ ጉዳዩን በመጻሕፍት ስንከታተለው ደግሞ፣ ተማሪ ቤት ገብቶ የወጣውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ሆኖ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

በ2013 በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኤክስተር ከተማ ለትምህርት ተቀምጠን ነበር። ያረፍንበትም ቤት ባላቸው የሞተባቸው የአንዲት ባልቴት ቤት ነበረ። ከወጥ ቤታቸው ወደ ጓሮ በሚያወጣው በር ግርጌ አንድ ስንዝር የማትሞላ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተቈርጣለች፤ በቀዳዳይቱም ላይ ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለች፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የምትወዛወዝ፣ ማዶውን የምታሳይ የላስቲክ መዝጊያ አለች። የአገሩ ብርድ በር ከፍቶ መዋልን አይፈቅድምና፣ ድመት በዚህች መሹለኪያ ሰው ሳታስቸግር ትወጣለች፤ ትገባለች። የባልቴቷ የቀድሞ ድመት አርጅታ ሞታ ነበረና በምትኳ ከእንስሳት መጠለያ አንዲት ግራጫ ድመት አመጡ። አዲስ ድመት ቤቱን ሳትለምድ ብትወጣ ትጠፋለች ስለሚባል አራት ሳምንት ሙሉ ከቤት አላስወጧትም። አራቱ ሳምንት ባለቀ ጊዜ ግን ድመቲቱ መሹለኪያይቱን ጨርሶ አላወቀቻትም። በሩ ሥር ትቀመጥና ትጮኻለች፤ ባልቴቷም ጕልበታቸውን እያመማቸው በሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥተው ይከፍቱላታል።

እኛም ውለታ ልንውልላቸው አሰብን። አንድ ቅዳሜ ባልቴቷ ገበያ ሲሄዱ ድመቲቱን ከወገቧ ያዝንና ራሷን ወደ ቀዳዳይቱ ገፋን። አንድ ጊዜ ሰውነቷ ካለፈ ሁለተኛ አትረሳውም የሚል አሳብ ነበረን። ድመቲቱ አራት እግሯን ዘርግታ ከበሩ ጋር ታገለች፤ እኛም ጨመርን። በመጨረሻ ሾልካ ስትወጣ መዝጊያይቱ ተመልሳ ጅራቷን ያዘችባት፤ ጮኸች፤ እኛንም የእጃችንን አንጓ ቧጥጣ፣ አጥሩን ዘልላ ጠፋች። ያን ሌሊት ዘነበ፤ አልተመለሰችም። በማግሥቱም ሌሊት አልተመለሰችም። ባልቴቷ በጨለማ ጓሮ ቆመው የምግብ ሣሕኗን በማንኪያ እየመቱ ሲጠሯት ስንሰማ የምንገባበት ጠፋን። በሦስተኛው ቀን ንጋት ረጥባና ከስታ መጣች፤ በሩም ተከፍቶላት ገባች፤ እኛን ባየች ጊዜ ግን ከምድጃው ጀርባ ተወሸቀች። ባልቴቷ አልተቈጡም። በሩን ሳይሆን እኛን መፍራት እንዳስተማርናት ብቻ በለሰለሰ አነጋገር ነገሩን። ቍጣ ይሻለን ነበር።

ሌሎች ሰዎች በዚህ ነገር ምን ያህል እንደ ደከሙ መጠየቅ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በዚያው በኤክስተር ከተማ ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ውስጥ፣ ከታላቁ የከዋክብት ሰዓት በታች ባለችው አሮጌ የእንጨት በር ግርጌ ክብ ቀዳዳ አለች። የሰዓቱ መዘውሮች በእንስሳ ስብ ይታሹ ስለ ነበረ ስቡን ፍለጋ አይጥ ይመጣል፤ አይጡን ፍለጋ ደግሞ ድመት መግባት አለባት። በ1598 በጳጳሱ በዊልያም ኮተን ጊዜ ይህችን ቀዳዳ ለቈረጡ አናጢዎች ስምንት ፔኒ መከፈሉ በካቴድራሉ መዝገብ ተጽፏል። ከዚያም በፊት፣ ከ1305 እስከ 1467 ድረስ፣ ለድመቷ ቀለብ በየሦስት ወሩ 13 ፔኒ፣ ማለት በሳምንት አንድ ፔኒ፣ ይቈረጥ ነበር። ድመት በመዝገብ ገብታ ደመወዝ ስትቀበል ማየት ለመሥሪያ ቤት ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በአንዳንድ ጊዜ ሒሳቡ እጥፍ ሆኖ 26 ፔኒ ይገኛል፤ ድመቲቱ ሹመት አግኝታ ይሁን ሁለተኛ ድመት ተቀጥራ መዝገቡ አይናገርም።

ቀዳዳው ከዚህም ይልቅ የቈየ ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በጻፈው ተረት ውስጥ፣ አንድ አሽከር የተዘጋውን ክፍል ለመሰለል ድመት በምትገባበት ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። እንግዲህ አንባቢው ሁሉ በሩን የሚያውቀው ነገር ነበረ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን በር የፈለሰፈው ታላቁ ኒውተን ነው ይላል፤ ለእናቲቱ ትልቅ፣ ለግልገሎቿ ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳ አስቈረጠ፤ ግልገሎቹም እናታቸውን ተከትለው በትልቁ አለፉ እየተባለ ሊቁ ይታማል። ታሪኩ ያስቃል እንጂ መሠረት የለውም፤ በካምብሪጅ ከኒውተን ጋር አምስት ዓመት ያህል የኖረው ጸሓፊው ሐምፍሪ ኒውተን፣ ጌታው በክፍሉ ድመትም ሆነ ውሻ እንዳልነበረው ጽፏል።

በሩስ እሺ፤ ትምህርቱ እንዴት ነው? በዚህ ላይ መጀመሪያ በሰፊው የጻፈው የዳርዊን ወዳጅ የነበረው ጆርጅ ሮመንስ ነው። በ1882 ባወጣው «የእንስሳት አእምሮ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ራሱ የሠረገላ ነጂ ድመት ይተርካል። ይህች ድመት ማንም ሳያስተምራት ወደ ጋጣው የሚያስገባውን በር መክፈት ቻለች፤ ዘልላ በአንድ እግሯ የበሩን መያዣ ትንጠለጠልበታለች፤ በሌላው መቀርቀሪያውን ትጫናለች፤ በኋላ እግሮቿም መቃኑን ትገፋለች፤ በሩም ይከፈታል። ሮመንስ ከዚህ ተነሥቶ ድመት የበርን አሠራር በአሳቧ ታውቀዋለች አለ። ሰው ሲከፍት አይታ፣ እጅ የሚያደርገውን እግር ለምን አያደርገውም ብላ መርምራለች ማለቱ ነው።

ይህን አባባል ያልተቀበለ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ተነሣ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ይባላል። በሃርቫርድ ሲማር ጫጩቶችን በመኝታ ክፍሉ ሊያሳድግ ቢጀምር ቤት ያከራየችው ሴት ከለከለችው፤ ስመ ጥሩው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስም የቤቱን ምድር ቤት ለቀቀለት። (ከቤት አከራይ ጋር በእንስሳ ምክንያት የተጋጨን እኛ ብቻ አለመሆናችን ትንሽ አጽናናን።) ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረና፣ በአንድ ሕንፃ ጣራ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ የድመት ሣጥኖች ሠራ። ሣጥኖቹ ወደ 50 ሣንቲሜትር ርዝመት፣ 38 ሣንቲሜትር ወርድና 30 ሣንቲሜትር ቁመት ነበራቸው። በአንዱ በሩ የሚከፈተው የገመድ ቀለበት ሲሳብ፣ በሌላው መርገጫ ሲረገጥ፣ በሌላው ደግሞ መቀርቀሪያ ሲዞር ነው። የራባትን ድመት ከውስጥ ይዘጋባታል፤ ዓሣ ከውጭ ያኖርላታል፤ ሰዓቱንም ይይዛል።

ድመቲቱ መጀመሪያ ትነክሳለች፤ ትቧጥጣለች፤ እጇን በየፍርግርጉ ትሰድዳለች፤ በመካከሉ ሳታስበው ቀለበቱን ትስብና በሩ ይከፈታል። ሁለተኛ ስትገባ፣ የበርን አሠራር በአሳቧ የምታውቅ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ወደ ቀለበቱ በሄደች ነበር። እርሷ ግን እንደገና መቧጠጥ ትጀምራለች፤ ጥቂት ብቻ ይቀንስላታል። ከድመቶቹ አንዷ በመጀመሪያው ጊዜ 160 ሴኮንድ ፈጀባት፤ በሁለተኛው 30 ሆነ፤ በሦስተኛው ወደ 90 ተመለሰ፤ በአራተኛው 60፤ እንዲህ እየወጣና እየወረደ ሄዶ ከሃያ ጊዜ በኋላ ስድስትና ሰባት ሴኮንድ ላይ ረጋ። ቶርንዳይክ ይህን በመሥመር ሥሎ አሳየ። መሥመሩ ድንገት አይወድቅም፤ እያዘገመ ነው የሚወርደው። «አሃ፣ ገባኝ» የምትልበት ቅጽበት የለችም ማለት ነው። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያመጣው ድርጊት እየጠነከረ፣ ያላመጣው እየደከመ ይሄዳል አለ፤ በ1911 ባወጣው መጽሐፍም ይህንኑ «የውጤት ሕግ» ብሎ ሰየመው። በጋዜጣና በመጽሐፍ ስለሚወደሱት ብልህ ድመቶች ሲናገርም፣ የበር እጀታ የቧጠጠችዋን አንዲቱን ድመት ሰው ሁሉ ይጽፍላታል፤ በተዘጋ በር ሥር ተቀምጠው ስለሚጮኹት ሺሕ ድመቶች ግን ማንም ብዕር አያነሣም ሲል ተሳለቀ። የባልቴቷን ድመት ያየች ዐይናችን ይህን ስታነብብ ሣቀች።

ሣቃችንን ያቆመው ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ቶርንዳይክ እኛ ያደረግነውን አድርጎት ኖሯል። የድመቷን እግር በእጁ ይዞ ቀለበቱን አስሳባት፤ መርገጫውን አስረገጣት፤ በሩ ተከፈተ፤ ዓሣዋንም በላች። ይህን ደጋግሞ ካደረገ በኋላ ብቻዋን ሲተዋት ምንም አልተማረችም። እግሯ ሄዷል፤ እርሷ ግን አልሄደችም። ጥፋታችን በ1898 ታትሞ ሲጠብቀን መኖሩን ስናይ፣ ከማድረግ አስቀድሞ ማንበብ ጥሩ እንደ ነበረ ገባን።

ቶርንዳይክ ግን ያለ ነቃፊ አልቀረም። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዌስሊ ሚልስ በ1899 ጠንካራ መልስ ሰጠው። የራባትን ድመት በጠባብ ሣጥን ቈልፎ አእምሮዋን መመርመር፣ ሕያውን ሰው በሬሣ ሣጥን ከትቶ ወደ ጕድጓድ እያወረዱ የሰውን ጠባይ እንደ ማጥናት ነው ሲል ወቀሰ። እኛ በዚህ ነገር ለሁለቱም እንፈርዳለን፤ ሒሳቡ የቶርንዳይክ ነው፤ የፈራ ተማሪ ሙሉ አእምሮውን አያሳይም የሚለው ግን እውነት ነው።

የሚልስ ጥርጣሬ ትክክል መሆኑ በሌላ አስቂኝ መንገድ ተገለጠ። በ1946 ኤድዊን ጋትሪና ጆርጅ ሆርተን የተባሉ ሁለት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ስለ ድመት ሣጥን መጽሐፍ አወጡ። በእነርሱ ሣጥን መካከል ቀጭን እንጨት ቆሟል፤ ድመቲቱ እንጨቱን በማናቸውም አኳኋን ብትነካው የመስታወቱ በር ይከፈታል። ስምንት መቶ ያህል አወጣጥ መዘገቡ፤ ፎቶግራፍም አነሡ። ድመቶቹ ጎናቸውንና ጅራታቸውን በእንጨቱ እያሻሹ ነበር የሚወጡት፤ እያንዳንዲቱም ያንኑ አኳኋን ትደጋግም ነበር። ሊቃውንቱ ይህን አይተው ትምህርት ማለት መጀመሪያ የቀናውን እንቅስቃሴ ሳይለውጡ መድገም ነው የሚል ታላቅ አሳብ አቆሙ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳይነካ ኖረ። በ1979 ብሩስ ሙርና ሱዛን ስታታርድ ድመቶችን እንጨት ባለው ሣጥን አስገቡ፤ ምግብ ግን አልሰጡም፤ በሩንም አልከፈቱም። ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ድመቶቹ በእንጨቱ ይተሻሻሉ፤ ሰው ከሌለ አይተሻሹም። ድመቶቹ ለካ እጅ ይነሡ ኖሯል! ድመት የምታውቀውን ሰው ስታይ እግሩን ትታከካለች፤ እግሩ ከራቀባት የቀረባትን እንጨት ትታከካለች። እነዚያ ሊቃውንት በመስታወት ማዶ ተቀምጠው፣ ለራሳቸው የቀረበውን ሰላምታ ስለ ትምህርት እንደ ተሰጠ ማስረጃ ይመዘግቡ ነበር።

ቶርንዳይክ ሌላም ነገር ስቷል። ድመት ሌላዋን አይታ አትማርም ብሎ ነበር። በ1969 ፊሊስ ቼዝለር በአሜሪካው የሳይንስ መጽሔት ያወጣችው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ብርሃን ብልጭ ሲል ዘንግ ተጭኖ ምግብ ማግኘትን ከእናታቸው አይተው የተማሩ ግልገሎች ቶሎ ቻሉት፤ ከማያውቋት ድመት ያዩት ዘገዩ፤ ምንም ሳያዩ በሙከራ ብቻ የተተዉት ግን ከቶ አልቻሉትም። እንግዲህ ጥያቄው ድመት አይታ ትማራለች አትማርም ሳይሆን፣ ማንን አይታ ነው የሚል ሆነ። በብዙ ቤት በሯን የምታውቅ እናት ካለች ግልገሎቹን ማስተማር የማያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጠለያ ድመት ግን እናት የላትም።

ባልቴቷ ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ አንዱን አላነበቡም። ድመቲቱ በተመለሰች በሳምንቱ ሥራቸውን ጀመሩ፤ እኛንም ከወጥ ቤት አስወጥተው በኮሪደሩ በኩል እንድንመለከት ፈቀዱልን። በመጀመሪያ መዝጊያይቱን ወደ ላይ አጥፈው በክር አሰሯት፤ ቀዳዳይቱ ባዶ ሆነች። ዓሣ በጥቂት በጥቂቱ ቈርሰው መጀመሪያ ከቀዳዳው ወዲህ፣ ከዚያ በደፉ ላይ፣ በመጨረሻ ከወዲያ አኖሩ። ድመቲቱ የምትራበው ከእራት በፊት ነውና ትምህርቱ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነበር፤ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይቈያል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ክሩን ለቀቅ አድርገው መዝጊያይቱን እኩል አወረዷት። በስድስተኛው ቀን ከሥሯ የልብስ መቈንጠጫ አስገብተው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፍት ተዉላት፤ ያን ዕለት ድመቲቱ እንቢ አለች። ባልቴቷ አልተከራከሯትም፤ ወደ አምስተኛው ቀን ትምህርት መለሷት። እኛ ተማሪ ቤት በነበርንበት ጊዜ ያልገባንን ትምህርት ወደ ኋላ የመለሰልን አስተማሪ ብናስታውስ አንድ ነው።

በውጭም ሥራ ነበረ። ድመት አዳኝ ብትሆንም ታዳኝም ናት፤ ዘሯ በአፍሪካና በምዕራብ እስያ ብቻውን ከሚያድነው የዱር ድመት ነው፤ «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚባለውም በዚህ ረገድ ሐሰት አይደለም። በዚህች ቀዳዳ ስትወጣ ራሷ ቀድሞ ይወጣል፤ የተቀረው ገላዋ በውስጥ ታግቷል፤ ማዶ ጠላት ቢኖር መመለሻ የላትም። ከዚህም በላይ ድመት ከአንድ ስንዝር የቀረበውን ነገር አጥርታ አታይም፤ በጢሟ ነው የምትዳብሰው። ስለዚህ አፍንጫዋ ሥር ያለችው መዝጊያ ለእርሷ የማይታይና የሚገፋ ነገር ናት። ባልቴቷ ከበሩ ውጭ ግራና ቀኝ ሁለት የአበባ ማሰሮ አቆሙ፤ ድመቲቱ ወጥታ ከማሰሮው ጥላ ተደግፋ ግቢውን ትቃኛለች። ይህ ከዓሣው ይልቅ የረዳት ይመስለናል።

በዘጠነኛው ቀን ማታ እራት ላይ ሳለን ከወጥ ቤት ቀጭን የመወዛወዝ ድምፅ ተሰማ። እኛ ልንነሣ ስንል ባልቴቷ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዝም ብለው ይቀመጡ» አሉን። ጥቂት ቈይቶ ሁለተኛ ተሰማ። ወጥታ ተመልሳለች። ባልቴቷ ሾርባቸውን መጠጣት ቀጠሉ፤ ዐይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ሁለት ወር ሳይቈይ የጎረቤት ወንድ ድመት በዚያችው መሹለኪያ እየገባ ምግቧን ይበላ ጀመር። ለዚህም ዛሬ መድኀኒት አለ። በድመቲቱ ትከሻ መካከል ከቆዳዋ ሥር የሩዝ ቅንጣት የምታህል የቍጥር ምልክት በመርፌ ይቀበራል፤ መሹለኪያይቱ ቍጥሩን በሬድዮ ሞገድ አንብባ ለባለቤቷ ብቻ መቀርቀሪያዋን ትለቅቃለች። በእንግሊዝ አገር ከሰኔ 10 ቀን 2024 ጀምሮ ከሃያ ሳምንት በላይ የሆነው የቤት ድመት ሁሉ ይህን ምልክት እንዲይዝ በሕግ ታዝዟል፤ ትእዛዙን ያልፈጸመም እስከ 500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ባልቴቷ ይህን ዐይነት መሹለኪያ ገዝተው ባስገቡ ጊዜ ድመቲቱ የመቀርቀሪያው ቀጭታ አስደነገጣትና ከክሩና ከዓሣው እንደገና ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ግን በአራት ቀን አበቃ።

ከእኛ ጋር ግን ነገሩ እንዲህ አላለቀም። ኤክስተርን እስከ ለቀቅንበት እስከ ሰኔ ድረስ፣ ድመቲቱ በመሹለኪያዋ በቀን አሥር ጊዜ ትመላለስ ነበር፤ እኛ በወጥ ቤት ከተገኘን ግን አታልፍም። ከበሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ዞር ብላ ታየናለች፤ ከዚያም ትጮኻለች። እኛም ተነሥተን ትልቁን በር እንከፍትላታለን።